ለስቲል ጊታር ምን ዓይነት የሪቨርብና ዲሌይ ፔዳል?

ጥያቄ፦ ፔዳል ስቲል ጊታር (ተጋድሞ በብረት ዘንግና በእግር ፔዳሎች የሚጫወቱት ጊታር) እጫወታለሁ። ሪቨርብ (በሰፊ አዳራሽ እንዳለ ዓይነት ማሚቶ) እና ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ መድገም) አንድ ላይ የያዘ ፔዳል ልገዛ ነው፤ ምኑን ልይ? የትስ ላስገባው?

መልስ፦ ለሪቨርቡና ለዲሌዩ የየራሱ መርገጫ ያለው ይሁን፤ ባለ አንዱ ሁለቱንም አብሮ ያጠፋብዎታል። ቀኝ እግርዎ ቮልዩም ፔዳሉን፣ ግራው የጊታሩን ፔዳሎች ስለሚይዝ፣ እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ይግጠሙት።

ከጊታሩ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው መስመር ላይ ከቮልዩም ፔዳሉ በኋላ ይግባ። ከፊቱ ካስገቡት ቮልዩም ሲቀንሱ የማሚቶው ጭራም አብሮ ይቆረጣል። የዲሌዩን ድግግሞሽ ከ2 ወይም ከ3 ጊዜ አያሳልፉ። ብረቱን በክሮቹ ላይ ሲያንሸራትቱ ያለፈው ኖታ ከአዲሱ ጋር ይጋጫል፤ ሰሚውማ ቅኝትዎ የተበላሸ ነው የሚመስለው! የዲሌዩን ጊዜ ለማግኘት 60,000ን ለቴምፖው (በደቂቃ ላለው የምት ብዛት) ያካፍሉ፦ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ 500 ሚሊሰከንድ። ለፔዳሉ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው አዳፕተር ሚሊአምፔር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን) ፔዳሉ ከሚፈልገው እንዳያንስ።