ከሦስቱ ሥራ ተቋራጮች የትኛውን ልመን ብለው ለጠየቁት እህቴ

ውድ እህቴ፣ ዱባይ ሆነው አዲስ አበባ ያለውን ባለ ሁለት መኝታ የኮንዶሚኒየም ቤትዎን ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሊያሳድሱ እንዳሰቡ፣ ሦስት ሥራ ተቋራጮች እጅግ የተራራቀ ዋጋ እንደሰጡዎት፣ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበውም ሥራ ሳይጀመር 70 በመቶው ይከፈለኝ እንዳለ ጽፈው የትኛውን ማመን እንደሚሻል ጠይቀዋል። ለረጅም ጊዜ በግንባታ ተቆጣጣሪነት ስለሠራሁና ለዘመድ አዝማድም በርካታ የኮንዶሚኒየም እድሳቶችን ስለተከታተልኩ የማውቀውን በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ። መልሴን ላስቀድም፤ አሁን በእጅዎ ባለው ወረቀት ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ አይቻልም፣ 70 በመቶ የጠየቀውን ግን ከወዲሁ ቢተዉት ይሻላል።

ለመምረጥ የማይቻለው ሦስቱም ዋጋ የሰጡት ለተለያየ ሥራ ስለሆነ ነው። አንዱ የእጅ ዋጋ ብቻ አስልቶ ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ዕቃውን ጨምሮ፣ ሦስተኛው ደግሞ አሮጌውን ሴራሚክ ሳያነሣ በላዩ ላይ ለመለጠፍ አስቦ። ፍርስራሹን አውርዶ የሚያስጭነው ማን እንደሆነ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩ እንኳ አልተጻፈም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ መሐንዲስ ወይም ልምድ ያለው ፎርማን ቤቱን ለክቶ የሥራ ዝርዝርና መጠን እንዲያዘጋጅልዎ ያድርጉ፤ ስንት ካሬ ሜትር ሴራሚክ ተነሥቶ ስንት እንደሚነጠፍ፣ የውሃው መስመር በምን ዓይነትና በምን ውፍረት ቧንቧ እንደሚቀየር፣ ስንት ሶኬትና ስንት ማብሪያ ማጥፊያ እንደሚገባ በተራ ቁጥር ይስፈር። ለዚህ የሚከፍሉት ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ከዚያ ያንኑ ዝርዝር ለሚቀሩት ሰጥተው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ዋጋ እንዲሞሉ ይጠይቁ። እውነተኛው ልዩነት ያን ጊዜ ይታያል፤ ዝርዝሩን ለመሙላት ፈቃደኛ ያልሆነም ራሱን በራሱ ከምርጫው ያወጣል።

ስለ ቅድሚያ ክፍያ በመንግሥት ግንባታዎች የሚሠራበትን ልጥቀስ፤ እዚያ ቅድሚያ ክፍያ ከ30 በመቶ አይበልጥም፣ እሱም የሚሰጠው ዋስትና ሲቀርብ ነው። ያለ ምንም ዋስትና 70 በመቶ የተቀበለ ሰው ሥራውን ለመጨረስ የሚያስገድደው ነገር የለም። ብዙ ጊዜ እንዳየሁት እንዲህ ያለው ገንዘብ የሚሄደው ሌላ ቦታ ተጀምሮ የቆመውን ሥራ ለማስጨረስ ነው፤ የእርስዎ ቤት ደግሞ ከሚቀጥለው ደንበኛ ገንዘብ እስኪመጣ ፈርሶ ይቆያል። እኔ የማምንበት አሠራር ዕቃውን ባለቤቱ ወይም ወኪሉ በቀጥታ ከሻጩ በደረሰኝ ገዝቶ ቤቱ ድረስ ማስገባቱ፣ ለሥራ ተቋራጩ ደግሞ የእጅ ዋጋውን በደረጃ መክፈል ነው። መጠነኛ የማስጀመሪያ ገንዘብ መስጠት ተገቢ ነው፣ የቀን ሠራተኞቹን የሚከፍለው እሱ ነውና። ሴራሚክ ሲገዙ ካርቶኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን አዲስ አበባ ያለው ወንድምዎ እንዲያረጋግጥና ወደ 10 በመቶ ትርፍ እንዲይዝ ይንገሩት፤ በኋላ ለጥገና ቢፈለግ ያው ቀለም አይገኝም።

የክፍያ ደረጃዎቹን ከቀን ጋር ሳይሆን ከሚታይና ከሚፈተን ሥራ ጋር ያስሩ። ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው ግድግዳና ወለል ከመዘጋቱ በፊት ያለውን ደረጃ ነው፤ በእድሳት ላይ የማያቸው ከባድ ጥፋቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሴራሚኩ በስተኋላ የተደበቁ ናቸውና። አዲሱ የውሃ መስመር ከመለሰኑ በፊት በፓምፕ ግፊት ተሰጥቶት፣ የመለኪያው ቀስት ለተወሰኑ ሰዓታት ሳይወርድ መቆየቱ መታየት አለበት። በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ዋተርፕሩፍ የምንለው የውሃ መከላከያ ቅብ ከተቀባና በደንብ ከደረቀ በኋላ የፍሳሹ ቀዳዳ ተደፍኖ ወለሉ በውሃ ይሞላል፣ ለ24 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያም ከታች ያለው ጎረቤት ቤት ተገብቶ ኮርኒሱ ይታያል። ይህ ፈተና ከውሃው በስተቀር ምንም ወጪ የለውም፤ ሆኖም በውሉ ላይ ካልተጻፈ ማንም አያደርገውም። ከታች ያሉ አንዲት እናት በላይኛው ቤት እድሳት ምክንያት የመኝታ ቤታቸው ጣሪያ ሻግቶ ክረምቱን ሙሉ ሲሰቃዩ አይቻለሁ፤ ሴራሚኩ ላይ ላዩን ሲታይ እጅግ ያማረ ነበር። ወለሉ ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ማዘንበሉም በሊቬሎ (በውሃ ልክ መለኪያ) ይረጋገጥ።

በኤሌክትሪክ በኩል ወጥ ቤትዎ ውስጥ እንጀራ የሚጋገር ከሆነ ምጣዱ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ ከሌሎች ሶኬቶች ጋር ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ላይ ማገናኘት ገመዱን ያግላል፤ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ይጠይቁ። ቦይለሩም እንዲሁ ለብቻው ይሁን፣ የመሬት መስመሩም አይረሳ።

በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ያለውን ግድግዳ ለማስፈረስ እንደሚፈልጉ ጠቅሰዋል። በአብዛኞቹ ኮንዶሚኒየሞች ይህ ግድግዳ ክፍል ለመለየት የተገነባ ብሎኬት ነው፣ ሕንፃውን የሚሸከሙት ኮለኖቹ (ቋሚ ምሰሶዎቹ) እና ቢሞቹ (አግዳሚ ተሸካሚዎቹ) ናቸው፤ ነገር ግን ይህን በዓይን አይቶ መወሰን የግንበኛ ሥራ አይደለም። መሐንዲስ አይቶት ከሕንፃ ሹም፣ ማለትም የግንባታ ፈቃድ ከሚሰጠው የመንግሥት አካል፣ ፈቃድ ይጠየቅ። ኮለን ወይም ቢም ልጥረብ፣ ቧንቧ ለማሳለፍ ልብሳ የሚል ሰው ካጋጠመዎ ያንኑ ቀን ያሰናብቱት፤ እነዚህ የሕንፃው ነዋሪዎች ሁሉ የጋራ ሀብት ናቸው፣ ጉዳቱም በእርስዎ ቤት ብቻ አይቆምም። በረንዳ ላይ ሮቶ ለማስቀመጥ ካሰቡም 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን እንደሚመዝን ያስቡ።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልመለስ። ሥራ ተቋራጭ ሁሉ በስልኩ ውስጥ የሚያማምሩ ፎቶዎች አሉት፤ በእነርሱ አይወስኑ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ያደሰውን ቤት እንዲያሳይ ይጠይቁትና ወንድምዎ በአካል ሄዶ ይየው። ሴራሚኩን በጣቱ አንኳኩቶ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ መኖሩን፣ የግድግዳው ቀለም መታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ላይ መላጥ አለመላጡን ይመልከት። ከሁሉም በላይ ባለቤቱን ችግር ሲፈጠር ሰውየው ስልኩን ያነሣ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቅ። ምንም ችግር አልነበረም ከሚል ምስክርነት ይልቅ፣ ቧንቧው አንጠባጥቦ ነበር፣ ደውዬለት በማግሥቱ መጥቶ አስተካከለ የሚለው ለእኔ ይበልጥብኛል። ሴራሚኩን የሚያነጥፈውና ቧንቧውን የሚዘረጋው ባለሙያ ማን እንደሆነም በስም ይጠየቅ፤ የታየው ቤት በአንድ ባለሙያ ተሠርቶ የእርስዎ ቤት በሌላ ሊሠራ ይችላልና።

የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የመታወቂያ ቅጂ ይጠየቅ፤ ቋሚ አድራሻውም ይታወቅ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ አድራሻው የማይታወቅን ሰው ግን በዚህ ሕግ መጠየቅ አይቻልም። ውሉ በጽሑፍና በሁለት ምስክሮች ፊት ይሁን፣ የሥራ ዝርዝሩም እንደ አባሪ ተያይዞ በየገጹ ይፈረምበት። ተጨማሪ ሥራ ሲመጣ ዋጋው ተጽፎ ሳይፈረም አይጀመር፤ ጠቡ ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነው። ከጠቅላላው ክፍያ ቢያንስ 5 በመቶ፣ ቢቻል 10 በመቶ፣ ከርክክብ በኋላ ለስድስት ወር በእጅዎ ይቆይ፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧና የሚነሣ ሴራሚክ በአብዛኛው በዚህ ጊዜ ውስጥ ይታያል።

ወንድምዎ በስምዎ ውል እንዲፈርምና ፈቃድ እንዲያወጣ በቆንስላ በኩል ውክልና ይላኩለት። ሥራውን በየቀኑ መከታተል ካልቻለ ዝርዝሩን ያዘጋጀው መሐንዲስ በየደረጃው መጥቶ እንዲያይ በትንሽ ክፍያ ይስማሙ፤ ገንዘብ የሚለቀቀውም እሱ አይቶ ሲፈርም ብቻ ይሁን። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት እያንዳንዱ የቧንቧና የገመድ መስመር አጠገቡ ሜትር ተዘርግቶ ፎቶ ይነሣና ይላክልዎ፤ ሥራውን ከሩቅ ለመቆጣጠር ይጠቅምዎታል፣ ወደፊትም ቁም ሣጥን ወይም መስታወት ሲያሰቅሉ መሰርሰሪያው ቧንቧ እንዳይበሳ የሚመለከቱት እሱኑ ነው።