ፋብሪካ የሌለው ድርጅት ካርቦኑ የት ነው? የስኮፕ 3 ጥያቄና መልስ

የአገልግሎት ድርጅቶችን የካርቦን ልቀት ማስላት የዕለት ሥራዬ ነው። «ስኮፕ 3 ሙሉልን» የሚል ቅጽ ከውጭ ደንበኞቻቸው የደረሳቸው ሰዎች እየበዙ ስለሆነ የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሶፍትዌር ነው የምንሠራው። አንድ የጀርመን ደንበኛችን የስኮፕ 3 ቁጥር አምጡ ብሎ ይዞናል። ከቢሮና ከላፕቶፕ ሌላ ጭስ የሚያወጣ ነገር የለንም፤ ምኑን ነው የምንቆጥረው?

ጭሱ ያለው ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ነው። አብዛኛው ዓለም የሚጠቀምበት የጂኤችጂ ፕሮቶኮል (የሙቀት አማቂ ጋዞች አቆጣጠር ደንብ) ልቀትን በሦስት ይከፍለዋል፦ ራሳችሁ የምታቃጥሉት (የጄኔሬተር ናፍጣ፣ የድርጅቱ መኪና) ስኮፕ 1፣ የምትገዙት መብራት ስኮፕ 2፣ ከሥራችሁ ጋር ተያይዞ በሌሎች እጅ የሚወጣው የቀረው ሁሉ ስኮፕ 3 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የስኮፕ 3 ደንብ 15 ምድቦች አሉት። ሁሉንም አንድ በአንድ እዩና የማይመለከታችሁን ምክንያቱን ጽፋችሁ ዝጉት። ለእናንተ የሚቀሩት የተገዛ ዕቃና አገልግሎት (የክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የምትጠቀሙበት የሌላ ድርጅት ሰርቨር፣ ኪራይ እዚህ ይገባል)፣ ቋሚ ዕቃ፣ የሥራ ጉዞ፣ የሠራተኛ ምልልስ፣ እንዲሁም ነዳጁ ጄኔሬተራችሁ ከመድረሱ በፊት የፈጠረው ልቀት ናቸው።

ላፕቶፑን አትናቁት። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመጣ የላፕቶፑ ልቀት ከሞላ ጎደል ፋብሪካው ውስጥ ያለቀ ነው። አምራቾቹ በየሞዴሉ በሚያወጡት ሰነድ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሉታል። 120 ላፕቶፕ በ250 ኪሎ 30 ቶን ነው። በ3 ዓመት ከምትቀይሩት 5 ዓመት ብትሠሩበት ለዓመት የሚደርሰው ከ10 ቶን ወደ 6 ይወርዳል። ሪፖርቱ ላይ ግን እንዲህ አካፍላችሁ አትጻፉ፤ ደንቡ ዲፕሪሲየሽን (የእርጅና ተቀናሽ) አያውቅም፣ ቋሚ ዕቃ በተገዛበት ዓመት ሙሉ በሙሉ ይመዘገባል። የሂሳብ ሰዎች ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይጠቁራል። ዕቃ በገዛችሁበት ዓመት ቁጥሩ ስለሚዘል ከሥሩ ማብራሪያ ጻፉበት።

ሶፍትዌር ንጹሕ ሥራ ነው የሚል ካለ ማይክሮሶፍትን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ልቀቱ ከ2020 ወዲህ 29 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ዋናው ምክንያት ስኮፕ 3 ነው፤ ለዳታ ሴንተር ግንባታ የሚገባው ብረት፣ ኮንክሪትና ቺፕ።

ጥያቄ፦ ፋይናንስ ክፍል ነኝ፣ በእጄ ያለው ሌጀር (የወጪ መዝገብ) ብቻ ነው። ወጪውን በፋክተር (ለአንድ ብር ወይም ዶላር ወጪ ስንት ልቀት እንደሚያዝ በሚናገር ቁጥር) ባባዛው አይበቃም?

ለመጀመሪያው ዓመት፣ ልቀቱ የት እንደሚበዛ ለማየት ይበቃል። ቀንሰናል ለማለት ግን አይሆንም። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይህ። የጽዳት ውላችሁ በዓመት 1.2 ሚሊዮን ብር ነው እንበል፤ የምትጠቀምበት ፋክተር ደግሞ በዶላር የተሠራ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት፣ በ57 ብር ሲመነዘር 21 ሺህ ዶላር ነበር። ብሩ ከወረደ በኋላ በ115 ብር ስትመነዝረው ግን 10 ሺህ ከምናምን ይሆናል። ያው የጽዳት ሠራተኛ፣ ያው ሳሙና፣ ያው ወለል፤ ልቀቱ ግን በወረቀት ላይ በግማሽ ወረደ! ተቃራኒውም አለ፤ ልቀቱ አነስ ያለውን ዕቃ ትንሽ ጨምረህ ብትገዛ ስሌቱ ይቀጣሃል።

ስለዚህ በሌጀር ጀምር፤ ከላይ የወጡትን ሦስት አራት መስመሮች ግን በሊትር፣ በኪሎ ሜትርና በኪሎ አስላቸው። የእንግሊዝ መንግሥት በየዓመቱ በነፃ የሚያወጣው የመቀየሪያ ሰንጠረዥ ለነዳጅና ለበረራ ጥሩ መነሻ ነው። የመብራት ፋክተሩን ግን አትውሰድ፤ የእነሱ አገር ነው።

ጥያቄ፦ መብራታችን ከውኃ ከሆነ ዜሮ ብለን እንጻፍ?

ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። መብራት ሲጠፋ የምታስነሱት ጄኔሬተር ግን በሊትር 2.7 ኪሎ ገደማ ይለቃል፤ ይህ ስኮፕ 1 ነው። ናፍጣው ተጣርቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ከጅቡቲ በቦቴ እስኪደርስ ያለው ስኮፕ 3 ላይ ይደመራል፤ በሊትር ከግማሽ ኪሎ በላይ ያዙለት።

ጥያቄ፦ ሰው ኃይል ነኝ። ለሠራተኛ ሰርቪስ ተከራይተናል፤ እንዴት ይቆጠራል?

መኪናው የድርጅቱ ከሆነ ስኮፕ 1፣ ከባለንብረት ከነሾፌሩ የተከራያችሁት ከሆነ የሠራተኛ ምልልስ ውስጥ ይገባል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሾፌሩን በቀን ስንት ሊትር እንደሚቀዳ ጠይቂው። አንድ ኮስተር በቀን 12 ሊትር ናፍጣ ከጨረሰ 32 ኪሎ ነው። 24 ሰው ከጫነ ለአንድ ሰው 1.3 ኪሎ፣ 8 ሰው ብቻ ከጫነ 4 ኪሎ ይደርሳል። እኔ ያየኋቸው ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ልቀት የሚቀንሱት እዚህ ላይ ነው፤ መስመሩ የተሠራው ከዓመታት በፊት ሆኖ ሠራተኛው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲወጣ ማንም አላስተካከለውም። በሰርቪስ ለማይሄዱት ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ከየት ሰፈር፣ በምን፣ በሳምንት ስንት ቀን። በኤሌክትሪክ መኪና የሚመጡትን ለይታችሁ ያዙ፤ በዚህ አገር መብራት ልቀታቸው ከቁጥር አይገባም።

ጥያቄ፦ ባንክ ነን። ወረቀት ቀንሰናል፣ የቅርንጫፍ አምፖል ቀይረናል። ቀጥሎስ?

ቀጥሎ ብድሩ ነው። ቅር አይበላችሁና ወረቀቱ ከብድሩ አጠገብ አይታይም። የስኮፕ 3 የመጨረሻው ምድብ፣ ምድብ 15፣ ያበደራችሁት ገንዘብ የሚፈጥረውን ልቀት ይይዛል። አሠራሩን ያዘጋጀው ፒካፍ (PCAF፣ የገንዘብ ተቋማት የካርቦን ሂሳብ ኅብረት) እ.ኤ.አ. በ2015 በኔዘርላንድ የገንዘብ ተቋማት የተጀመረ ነው፤ ሐሳቡም የድርሻ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካው ካፒታልና ዕዳ ተደምሮ 1 ቢሊዮን ብር ቢሆንና ከዚያ ውስጥ የእናንተ ብድር 200 ሚሊዮን ቢሆን ከፋብሪካው ልቀት 20 በመቶው በእናንተ ይጻፋል። በሲሚንቶ፣ በትራንስፖርትና በኮንስትራክሽን ብድሮች ጀምሩ።

ጥያቄ፦ እኛ ለዓለም ልቀት ያዋጣነው ምንም ያህል አይደለም። ይህን ሸክም ለምን እንሸከማለን?

ያልከው እውነት ነው፤ አልከራከርህም። ቅጹ የመጣው ግን ከሕሊና ሳይሆን ከገበያ ነው፤ የአንተ ልቀት የደንበኛህ ስኮፕ 3 ስለሆነ እሱም ለራሱ ሪፖርት ይፈልገዋል። ካልመለስክ በአማካይ ፋክተር ይገምትልሃል፤ የውኃ መብራትህ አይቆጠርልህም። ከገመቱልህ ራስህ ብትናገር ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ግዥ ክፍል ነኝ። አቅራቢዎች ቅጹን አይመልሱም።

የጥበቃ ድርጅቱን «የካርቦን ልቀትህ ስንት ነው?» ብትለው ምን ይበልህ? «ባለፈው ዓመት ስንት ሊትር ነዳጅ ቀዳህ?» በለው፣ ደረሰኙን ያወጣልሃል። ስሌቱን አንተ ሥራ። ለሁሉም አትላክ፤ ትልልቆቹን አሥሩን ያዝ። ዋናው ነገር ጊዜው ነው፤ ውል ከፈረመ በኋላ ማንም አይሰማህም፣ የጨረታ ሰነዱ ላይ ካስገባኸው ግን ፕሮፎርማው ጋር አያይዞ ያመጣዋል።

ጥያቄ፦ ሆቴል ነን፤ ከምግብ ወገን ምን እናድርግ?

የበሬ ሥጋውን መዝኑ። ኪሎ ለኪሎ ከምስር ጋር ሲተያይ ልቀቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ፈረንጆቹ ለአትክልት ምግብ አዲስ ሜኑ ይጨነቃሉ፤ እናንተ የጾም ቡፌ አላችሁ። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ማውጣቱን ትታችሁ ለስብሰባ እንግዶች በየቀኑ ከፊት አስቀምጡት። የተረፈውንም መዝኑ።

ጥያቄ፦ ለአረንጓዴ አሻራ የተከልነውን ችግኝ እንቀንስ?

አይቀነስም። ለብቻው ጻፉት።

ጥያቄ፦ የበረራ ትኬት ላይስ ምን ማድረግ ይቻላል?

መጀመሪያ ትኬቱ በየትኛው ክፍል እንደተቆረጠ ይመዝገብ። በረጅም በረራ የቢዝነስ ክላስ መቀመጫ የኢኮኖሚውን ሦስት እጥፍ ገደማ ይቆጠርበታል፤ ቦታ ስለሚይዝ። አዲስ አበባ ዋሺንግተን ደርሶ መልስ በኢኮኖሚ 2 ቶን አካባቢ ነው፤ አውሮፕላኑ ከፍታ ላይ የሚያመጣውን ተጨማሪ ሙቀት ካሰባችሁ ከዚያም ይበልጣል። ለአንድ ስብሰባ አራት ኃላፊ ከመላክ ሁለቱ ይሂዱ፣ ሁለቱ በዙም ይግቡ። የአበል ጉዳይ ስላለበት ግን መመሪያውን ሰው ኃይል ብቻውን አያወጣውም፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ይፈርምበት።