ደሴ ሰርግ ለተጠራችሁ

ጥር ላይ ደሴ ሰርግ ተጠርታችሁ ከሆነ፣ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚያ ድንኳን ውስጥ «አይ፣ አመሰግናለሁ» አይሠራም። «ዳይት ላይ ነኝ» ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እኔ ሞክሬዋለሁ። አክስቴ ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ «ምግባችንን ተጸየፈ እንዴ?» አለች። አፍሬ ሁለት ሰሐን በላሁ።

ዘዴው ሌላ ነው። ከሰርጉ ዋዜማ ወጥ ቤት ግቡ። ሴቶቹ ሽንኩርት እየከተፉ ሳለ አጠገባቸው ቁጭ በሉና እውነቱን ንገሯቸው። «ስኳር አለብኝ»፣ «ደም ግፊት አለብኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» በሏቸው። ሕመም ሲሆን ወሎዬ ያዝናል፤ ራሱ ይጠብቃችኋል። እኔ ከነገርኳቸው በኋላ ጨው የቀነሰ ጎመንና ቅቤ ያልገባበት አልጫ ለብቻ ተቀመጠልኝ።

ቁርጥ ላይ ግን አልደራደርም። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስይዝ ይችላል። ደህና የተጠበሰ ጥብስ ይበቃል። አብሮ አደጎቻችሁ ይስቁባችኋል፤ ይሳቁ። ሰላጣውም ባልፈላ ውኃ ታጥቦ ሊሆን ስለሚችል ብትተዉት ይሻላል።

መጠጡ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ቀጂው የሚሞላው የጎደለ ብርጭቆ ነው። ስለዚህ ብርጭቋችሁን አትጨርሱት፤ ግማሽ ላይ ያዙት፣ አልፎ አልፎ ከንፈራችሁ ላይ አድርሱት። ጠጅ ማር ነው፣ ስኳር ያለበት ሰው ይህን አይርሳ። ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ በባዶ ሆድ አትጠጡ፤ ስኳራችሁ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ደሴ ላይ የሙስሊም ዘመድ የሌለው ክርስቲያን ማግኘት ይከብዳል። የእነሱ ሰርግ ጠጅም ቢራም የለበትም፣ ግን አትዘናጉ፤ ለስላሳው አለ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም በታች ይሁን ይላል። ሁለተኛዋን ጠርሙስ ከከፈታችሁ አለቀ! እኔ የታሸገ ውኃ ይዤ እገባለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከሜዳ ለመጣ ሰው ውኃ እዚያ ቅንጦት አይደለም።

ማታ ደግሞ ኮምቦልቻ የምታድሩ ካላችሁ፣ ወደዚያ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ጠጥታችሁ እንዳትወርዱ። ያልጠጣ ሾፌር ፈልጉ፣ ወይም ደሴ እደሩ። ፍራሽ አይጠፋም።

ጉርሻውንስ? ጉርሻ አይመለስም። አንዷን ተቀበሉ፣ ቀስ ብላችሁ አላምጡ፣ አፋችሁ ሙሉ እያለ ሁለተኛውን አይሰጧችሁም። ባለፈው ሰርግ አንድ የማላውቀው ሰው ቁርጥ ጠቅልሎ «በሞቴ!» እያለ ወደ አፌ ሲመጣ፣ ያቺው አክስቴ ከድንኳኑ ጥግ ጮኸች፦ «ተው አንተ! እሱ ጥብስ ነው የሚበላው!»