«ሌሊት አንሶላውን ራሱ ያጥባል»

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ባለቤቴ 59 ዓመቱ ነው። ዓምና የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለበት ተነገረን። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ተገላገልን ብዬ ነበር። በኋላ ግን ካንሰሩ መመለሱን የሚጠቁመው፣ ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ውጤት እንደገና መጨመር ጀመረ። ጨረር ታዘዘለት፣ ሆርሞን የሚቀንስ መርፌም ጀመረ። ሐኪሙ ተስፋ ሰጥቶናል። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው።

ሰውየው ተለወጠብኝ። ያ ሳቂታ፣ ተጫዋች ሰው አሁን ሳናግረው «እ» ብሎ ዝም ነው። አንዳንዴ ቴሌቪዥን እያየ ዕንባው ይወርዳል፤ ሳየው ፊቱን ያዞራል። «ያልበኛል፣ እረብሽሻለሁ» ብሎ ሌላ ክፍል መተኛት ጀምሯል። አንድ ሌሊት የውኃ ድምፅ ሰምቼ ስነሳ አንሶላውን በእጁ ሲያጥብ አየሁት። ሽንት አምልጦት ነው። እንዳየሁት አላወቀም፤ ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ጠዋት አልጋው ተነጥፎ፣ እሱም ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ጠበቀኝ።

የአልጋ ነገራችንም ከቆመ ቆይቷል። እጁን ስይዘው እንኳ ይሸሻል። በሽታው ይተላለፍባታል ብሎ ፈርቶ ይሆን? ወይስ ጠልቶኝ? ሐኪም ቤት ብቻውን ነው የሚሄደው። ለወንድሞቹ እንኳ እንዳልናገር አስምሎኛል። ዝም ብዬ ልጠብቀው ወይስ ላናግረው? የእኔንስ ለማን ልንገር?

ግራ የገባት ሚስት

*

ውድ እህቴ፣

ጠልቶኝ ይሆን የሚለውን ሐሳብ ከልብሽ አውጪው። ከጻፍሽልኝ ውስጥ ብዙው የመርፌው ሥራ ይመስለኛል።

የፕሮስቴት ካንሰር በአብዛኛው የሚያድገው ቴስቶስትሮን በሚባለው የወንድ ሆርሞን እየታገዘ ነው። መርፌው ይህን ሆርሞን በጣም ዝቅ ያደርገዋል። ካንሰሩን የሚያዳክመውም ይኸው ነው። ችግሩ፣ ያው ሆርሞን የወሲብ ፍላጎትን፣ ጡንቻንና አጥንትን ይዞ የሚኖር መሆኑ ነው፤ ስሜትንም ይነካል። ስለዚህ ፍላጎት ይጠፋል። ሴቶች የወር አበባ ሲቋረጥ የሚያስቸግራቸው ዓይነት ወበቅ ድንገት ይመጣና በላብ ያጠምቃል። ድካም፣ ብስጭት፣ ሆደ ባሻነት ይከተላል። ባለቤትሽ ይህን ማንም በደንብ ካላስረዳው «ወንድነቴ አለቀ» ብሎ ብቻውን እየተብሰለሰለ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዝም ብለሽ አትጠብቂው። ግን «ና፣ ቁጭ በልና እንነጋገር» አትበዪውም። ፍርድ ቤት የቀረበ ያህል ይሰማዋል። አብራችሁ በእግር ስትሄዱ፣ ጎን ለጎን ሆናችሁ ይሻላል፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ከባድ ነገር መናገር ይቀላል። «መርፌው ስሜትን ይለውጣል ሲሉ ሰማሁ፤ አንተን እንዴት እያደረገህ ነው?» በዪው። ከዚያ አንቺም ዝም በዪ። መልሱ ከሦስት ቀን በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ይምጣ።

ያየሽውን ነገር በተመለከተ፣ «አይቼሃለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። ከፍራሹ ላይ ውኃ የማያሳልፍ ጨርቅ አንጥፊለት፣ ትርፍ አንሶላና ፓድም አጠገቡ አስቀምጪለት። ወሬ አታብዢበት። ሲያየው ማወቅሽ ይገባዋል፤ እንዳልተጸየፍሽውም ይገባዋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት ማምለጡ የተለመደ ነው። በብዙዎቹ ላይ በወራት ውስጥ እየተሻለ ይሄዳል፤ አንዳንዱን ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ጨረሩም በተራው ፊኛን ስለሚያስቆጣ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። ሽንት ለመያዝ የምንጠቀምበትን ጡንቻ ጨብጦ መልቀቅ፣ በየቀኑ እየደጋገሙ፣ ይረዳል፤ ፊዚዮቴራፒስት ቢያሳየው ደግሞ በትክክል ይሠራዋል። ሳይሻለው ከቆየም ሌላ ሕክምና አለው። እንዳያመልጠኝ ብሎ ውኃ መጠጣት ቀንሶ እንደሆነ ግን ተቆጪው። የወፈረ ሽንት ፊኛን ይባስ ያስቆጣዋል። ማታ ማታ መቀነስና ቡናና አልኮል ላይ ቆጠብ ማለት ይበቃል።

ካንሰሩ በግንኙነት አይተላለፍም፤ በመሳም፣ በማቀፍም አይተላለፍም። ይህን ከሐኪሙ አፍ ቢሰማው ደስ ይለኛል። የሚሸሽሽ ግን በሌላ ምክንያትም ሊሆን ይችላል። እጁን በያዝሽው ቁጥር «አሁን ከእኔ የምትጠብቀው ነገር አለ፣ እኔ ደግሞ አልችልም» ብሎ እየፈራ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድመሽ ንገሪው፦ «አቅፈኸኝ እንድተኛ ብቻ ነው የምፈልገው» በዪው፤ ካልሽውም በኋላ እንዳልሽው ሁኚ። ቃልሽን ካመነ ወደ መኝታ ቤታችሁ ለመመለስም አይከብደውም። ስንፈተ ወሲቡን በተመለከተ፣ በቀዶ ሕክምናው የተነኩ ነርቮች እስኪያገግሙ እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ የሚረዱ ክኒኖችና መሣሪያዎችም አሉ። ክኒኑ ግን መርፌው የወሰደውን ፍላጎት አይመልስም። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ እንደ ቪያግራ ያሉትን መንካት የለበትም፤ የደም ግፊትን አደገኛ በሆነ ደረጃ ይጥላል። ሐኪም ሳያዝ ከሰው ሰምቶ እንዳይጀምር።

ሐኪም ጋ አብሬህ ልሂድ ስትዪው «ልትጠብቂኝ ነው?» ሊልሽ ይችላል። «ሐኪሙ የሚለውን እኔ ልጻፍልህ» በዪው፤ ሥራ ይዘሽ ከሄድሽ ይቀበልሻል። መርፌው እስከ መቼ እንደሚቀጥል ጠይቁ። አጥንቱን ስለሚያሳሳ ምን መደረግ እንዳለበት፣ ለወበቁም መድኃኒት ካለው ጠይቁ። ዕንባውንና ዝምታውንም ንገሩት። በካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው በድብርት ሊያዝ ይችላል፤ እሱም ይታከማል። «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ቃል ከወጣው የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ብቻውን አትተዪው፣ የዚያኑ ቀን ለሐኪሙ ንገሪ። አዲስና ኃይለኛ የጀርባ ሕመም፣ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንት እምቢ ማለት ከመጣም እስኪነጋ አትቆዩ። ካንሰሩ ወደ አከርካሪ አጥንት ሄዶ ነርቭ ሲጫን የሚታይ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በጊዜ መድረስ ያስፈልጋል።

አብራችሁ በእግር ሂዱ ያልኩሽ ለወሬው ብቻ አይደለም። እንቅስቃሴ፣ ሐኪሙ ከፈቀደለትም ክብደት ማንሳት፣ መርፌው የሚያመጣውን ድካም ከሚቀንሱት ነገሮች ዋነኛው ነው፤ ጡንቻውንም ያቆይለታል።

ወደ አንቺ ልምጣ። ምስጢሩ የእሱ ነው፣ ትክክል። ሸክሙ ግን ያንቺም ነው። «አንድ ሰው ፍቀድልኝ» በዪው፤ እኅትሽም ትሁን ጓደኛሽ፣ ራሱ ይምረጥ። አንቺ ደክመሽ ከወደቅሽ ለእሱም አትሆኚም፤ ይህንን እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንደ ምክንያት ንገሪው።

የወንድሞቹን ነገር ግን በዝምታ ማለፍ አልችልም። ወንድሙ የፕሮስቴት ካንሰር የያዘው ሰው ራሱ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ወንድሙ ወይም አባቱ ከ65 ዓመት በፊት የታመመበት ወንድ ከ45 ዓመቱ ጀምሮ ስለ ፒኤስኤ ምርመራ ከሐኪም ጋር ቢነጋገር ይመከራል። ወንድ ልጆች ካሏችሁ እነሱንም ይመለከታል። አንቺ ማልሽለታል፤ መሐላሽን አታፍርሺ። ይህን ነገር ግን ለእሱ ንገሪው። ስለ ራሱ ማውራት ያቃተው ሰው ለወንድሞቹ ሲል አፉን ሊከፍት ይችላል። ስልኩን አንስቶ ለእነሱ መንገር የእሱ ድርሻ ይሁን፤ ከፈለገ አንቺ አጠገቡ ቁጭ በዪለት።