እማዬ ቡና አልጠጣም አሉ

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመታቸው ነው። ደሴ ውስጥ ለ30 ዓመት በእንጨት እንጀራ ጋግረው እየሸጡ አሳደጉን። ሐኪም ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው ብሎ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ሰጥቷቸዋል። አሁን ሰው አያናግሩም፤ ቡና ሲፈላም «እናንተ ጠጡ» ብለው ጓዳ ይገባሉ። የአተነፋፈስ ልምምድ ከድብርቱ ያወጣቸዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ብቻውን አያወጣቸውም፤ ግን ያግዛል። ትንፋሽ ሲያጥር ፍርሃት ይመጣል፣ ፍርሃቱ ደግሞ ትንፋሹን ያፋጥነዋል። የቆየው አየር በደንብ ሳይወጣ ሌላ ይጨመርና ደረት ይወጠራል። ያን የቀመሰ ሰው ከቤት መውጣት ቢፈራ አይገርምም።

ትከሻቸውን ለቀቅ አድርገው ይቀመጡ። 2 እስኪቆጠር በአፍንጫቸው ይሳቡ። ከዚያ ትኩስ ቡና እንደሚያበርድ ሰው ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው፣ 4 እስኪቆጠር ቀስ ብለው ያውጡት። በኃይል መግፋት የለም። የሚለመደው ደህና ሲሆኑ ነው፤ በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር አይያዝም። የደሴን ዳገት ሲወጡም እንደዚያው፦ ቆም ብለው ይሳቡ፣ እያወጡ ይራመዱ። አንቺም አብረሻቸው ተንፍሺ፤ ለብቻ ይሰለቻል።

አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ከቡናው ያሸሻቸው የከሰሉና የእጣኑ ጭስ እንዳይሆን! ወሎ ውስጥ ቡና ያለ እጣን ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንድ ሳምንት ከሰሉን ደጅ አውጥታችሁ፣ እጣኑን ትታችሁ ጥሯቸው።

ኩርፊያቸው 2 ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍና ምግብም ከቀነሱ ለሐኪማቸው ንገሪ፤ ድብርት የራሱ ሕክምና አለው። «ሞቴን በወደድኩ» ካሉ ግን በዚያው ቀን ውሰጃቸው። ፓፉንም እንዳያቋርጡ።