የአባቴ ቤት ለማስተርሴ ይሸጥ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። በአፈር ሳይንስ ተመርቄ በግብርና ባለሙያነት አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁላ ወረዳ ነበርኩ፣ ገበሬው አሲዳማ መሬቱን በኖራ እንዲያክም ስናግዝ። አሁን አሜሪካ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተቀብሎኛል። ደብዳቤው ግን ለአንደኛው ዓመት የሚበቃ 38,000 ዶላር እንዳለኝ ማስረጃ ይጠይቃል። ስለ ስኮላርሺፕ ምንም አይልም። አባቴ «ዕድልሽ ከሚያመልጥ ቤቱን እሸጠዋለሁ» ብሎኛል። ዘመዶች ደግሞ ገንዘብ አሰባስበው በስሜ ባንክ ሊያስገቡና ቪዛው ከተመታ በኋላ ሊወስዱት ሐሳብ አላቸው። ምን ይመክሩኛል?
ም. ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ቤቱ ግን አይሸጥ። ይህን ዛሬውኑ ለአባትሽ ንገሪያቸው፤ እንዲህ ያለ ቃል ከወጣ ደላላ ለመምጣት ጊዜ አይፈጅበትም።

38,000 ዶላሩ የአንድ ዓመት ነው፣ ማስተርሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይወስዳል። ቤቱ የሚሸጠው በብር፣ ክፍያው በዶላር። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ገንዘቡ ቢያልቅ የሚሸጥ ሌላ ቤት የለም።

የዘመዶችሽን ሐሳብ በፍጹም አትቀበዪ። ፍቅራቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ያንቺ ያልሆነን ገንዘብ የኔ ነው ብሎ ቆንስላ ፊት መቅረብ ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ነው። ከተደረሰበት ዕድሜ ልክ ቪዛ ሊያስከለክልሽ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አሜሪካ ውስጥ በሳይንስ መስክ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚረዳበት ትልቁ መንገድ ረዳት ተመራማሪነት ወይም ረዳት መምህርነት ነው። በሳምንት 20 ሰዓት ያህል ትሠሪያለሽ፤ በምላሹ የትምህርት ክፍያሽ ይሸፈናል፣ ወርሃዊ ደመወዝም ታገኛለሽ። እኔም የተማርኩት እንደዚህ ነው፤ በምግብ ሳይንስ ላብራቶሪ የጤፍና የማሽላ ናሙና እየመዘንኩ። ገንዘቡ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፌሰሩ ለምርምሩ ካገኘው በጀት ስለሆነ የመግቢያ ደብዳቤውን የጻፈው ቢሮ ላያውቀው ይችላል። ደብዳቤው ዝም አለ ማለት ገንዘብ የለም ማለት አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የተቀበለሽ ፕሮግራም ቴሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ምርምር ጽሑፍ፣ የሚያሠራ መሆኑን አጣሪ። ቴሲስ የሌለው ማስተርስ በአብዛኛው ተማሪው ከኪሱ የሚከፍልበት ነው። ቴሲስ ካለው የዲፓርትመንቱን መምህራን ድረ ገጽ ከፍተሽ በአፈር አሲዳማነት ወይም በአፈር ለምነት ላይ የሚሠሩትን ለዪና ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ጻፊ። አንድ ደብዳቤ ገልብጦ ለሁሉም መላክ ወዲያው ይታወቃል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ችግርሽን አትዘርዝሪ፤ ሥራሽን ተናገሪ። ሁላ ላይ ኖራው በምን መጠን እንደተሰጠ፣ ገበሬው የቱን ተቀብሎ የቱን እንደተወ፣ ምክንያቱ ምን እንደነበር፣ በገዛ እጅሽ የወሰድሽውን የአፈር ናሙና ጻፊ። ብዙ አመልካች ጥሩ ውጤት አለው። አሲዳማ መሬት ላይ አራት ዓመት ከገበሬ ጋር የቆመ ግን ጥቂት ነው፤ ይህንን አታሳንሺው። መጨረሻ ላይ በግልጽ ጠይቂ፦ «ለመጪው ዓመት የረዳት ተመራማሪነት ቦታ ይኖርዎታል?»

ጊዜው ደግሞ አላለፈም። ድጋፍ የቀረበላቸው ተማሪዎች መልስ የሚሰጡበት የተለመደ ቀን በፈረንጆቹ ኤፕሪል 15 ነው። አንዳንዱ ሌላ ቦታ መርጦ ሲተው ቦታ ይከፈታል፤ በዚያው ሰሞን ለዲፓርትመንቱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አስተባባሪ ደግመሽ ጻፊ። አሁንም ካልተገኘ ቅበላው ለአንድ ዓመት እንዲተላለፍልሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ።

እዚያ ደርሼ ሥራ እየሠራሁ እከፍላለሁ እንዳትዪ። የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በትምህርት ወቅት ግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድለትም፤ ከግቢ ውጭ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ጭራሽ አይቻልም። የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ ብድርም ለአንቺ አይሆንም፤ በመሠረቱ ለዜጎቹና እዚያ ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪ ለሆኑ ነው።

ጎን ለጎን ሌላም በር አንኳኪ። የጀርመኑ የስኮላርሺፕ ድርጅት ዳአድ (DAAD) ለልማት ነክ ማስተርሶች ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ አንቺ አራት አለሽ። የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ የሆነው ኢራስመስ ሙንዱስ ትምህርቱን ሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። የአፍሪካ ኅብረት የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲም አለ፤ ናይጄሪያ፣ ኢባዳን ያለው የሕይወትና የምድር ሳይንስ ተቋሙ ለመስክሽ ቅርብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የተቀበሉሽ በስቱደንት ኮፒ ከሆነ ኋላ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት መጠየቃቸው አይቀርም፤ የኮስት ሼሪንግ ዕዳሽ ካልተዘጋ ደግሞ ሬጅስትራር አይልክልሽም። ከደመወዝሽ ሲቆረጥ የቆየውን የሚያሳይ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትሽ አውጪና በዚህ ሳምንት ሂሳቡን አጣሪ።