ግብጦ ሁለት ሰዓት ተቀቅሎም ለምን ይመራል?

ሰላም እህቴ። ከዳንግላ የተላከልሽ ግብጦ ሁለት ሰዓት ተቀቅሎም መምረሩ ከእሳት ማነስ አይደለም። «በፕሬዠር ኩከር ልድገመው ወይ?» ላልሽው፣ አትድከሚ፤ ፍሬው ይፈርስብሻል እንጂ ምሬቱ አይለቅም።

የሚመርረው አልካሎይድ የሚባለው መርዛማ ነገር ነው፤ በነጭ ግብጦ ውስጥ ዋናው ሉፓኒን ነው። እሳት አያጠፋውም፣ ውሃ ግን ያወጣዋል። አደንጓሬ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ሌክቲን የተባለው መርዙ በደንብ ሲንተከተክ ይጠፋል፣ ለብ ባለ ሙቀት ብቻ ከቆየ ግን ያስታውካል። ስለዚህ «በደንብ አብስዬዋለሁ» ማለት ለአደንጓሬ እንጂ ለግብጦ አይሠራም። አገር ቤት ቆልተው ወራጅ ውሃ ውስጥ ለቀናት የሚዘፈዝፉት ወደው አይደለም። ቁላቱ ወይም ቅቅሉ ዘሩን ይገድለዋል፣ ውሃው አልካሎይዱን ያጥበዋል። ጥሬውን ብቻ ከዘፈዘፍሽው ዘሩ በሕይወት ስላለ ምሬቱን በቀላሉ አይለቅም፤ ይባስ ብሎ ይበቅላል ወይም ይኮመጥጣል።

ለ1 ኪሎ እንዲህ አድርጊ። የሻገተውንና የተሰበረውን ልቀሚ። በ3 ሊትር ውሃ አሳድሪው፤ ስለሚያብጥ ሰፊ ዕቃ ይሁን። ጠዋት ውሃውን ደፍተሽ በአዲስ ውሃ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀቅይው፣ ያንንም ድፊው። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈሽ ጠዋትና ማታ ቀይሪ፤ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ቀን ይፈጃል። ቅርፊቱን ብትላጪው ይፈጥናል።

ዋናው ነገር የውሃው ብዛት ሳይሆን የቅያሬው ብዛት ነው። ፍሬውና ውሃው ውስጥ ያለው ምሬት እኩል ሲሆን መውጣቱ ይቆማል፤ ሁለት ሰዓት በአንድ ውሃ የቀቀልሽውም እዚያ ላይ ነው የቆመው። መራራ ግብጦ በኪሎ 20 ግራም ያህል አልካሎይድ ሊኖረው ይችላል። የአውስትራሊያ የምግብ ሕግ ደግሞ በኪሎ 200 ሚሊ ግራም ላይ ያቆማል፤ መቶ እጥፍ መቀነስ አለበት ማለት ነው። እያንዳንዱ ቅያሬ ግማሹን ይወስዳል ብንል 7 ጊዜ ያስፈልጋል። ግማሽ ካልሞላ ደግሞ ከዚያ በላይ።

ሲደርስ ከዕቃው ሥር ትልልቆቹን አምስት ፍሬ አውጪ፣ መሃላቸውን ነክሰሽ ትፊው። አንዱ እንኳ ከመረረ ቀጥይ። ሁሉም ከለቀቁ በኋላም አንድ ቀን ጨምሪ፤ ምላስ ላቦራቶሪ አይደለም። ጨው እስከዚያ ድረስ አትንኪ፣ ምሬቱን ይሸፍንና ያታልልሻል። ውሃው ካዝለገለገና ከሸተተ ቤቱ ሞቋል፤ ፍሪጅ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ጥቂት ይዘገያል እንጂ አይበላሽም። ፍሬው ራሱ ከኮመጠጠ ጣይው።

ድካሙ ግን ዋጋ አለው። ደረቁ ፍሬ ሲሶው ያህል ፕሮቲን ነው፣ ዘይቱ 10 በመቶ ይጠጋል፣ ስታርች የለውም ማለት ይቻላል። አኩሪ አተርን የሚያስቸግረው፣ ፕሮቲን በሆድ እንዳይፈጭ የሚያግደው ትሪፕሲን አጋጅም በግብጦ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። ሲታጠብ ፖታሲየምና ቢ ቫይታሚኖች ይቀንሳሉ፤ ሆድ የሚነፋው ስኳርም አብሮ ይሄዳል። ሜቲዮኒን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ስለሚያንሰው ከእንጀራ ወይም ከዳቦ ጋር መብላት ይበጃል።

ኦቾሎኒ የሚያስቆጣው ሰው አይቅመሰው፤ ሁለቱ አለርጂዎች ይያያዛሉ። ልጆችም ከድስቱ እንዳያነሱ። የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ለሾርባም ለእንስሳም አትስጪ።

«እንዲህ ከሆነ የጫካ ፍሬ ሁሉ በውሃ ይጣፍጣል?» ላሉት፦ አይሆንም። የኮርች ቀይ ፍሬ አልካሎይዱ ሌላ ነው፣ ጡንቻ የሚያሰንፍ መርዝ አለው። ኦዳፕ የሚባለው የጓያ መርዝ ደግሞ በውሃና በቅቅል ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው እግር የሚያሰልለው።

መራራውን በልቶ አፉ የደረቀ፣ ዓይኑ የፈዘዘ፣ የዓይኑ ብሌን የሰፋ፣ ሽንት የከለከለው ወይም የተደናገረ ሰው ካለ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ሐኪሙ ግብጦን ላያውቀው ስለሚችል «ሉፒን በልቷል» በሉ፤ የተረፈውንም ፍሬ ይዛችሁ ሂዱ።